ጉቶ የመታው የጀልባ መሪ፤ ይጠገን ወይስ አዲስ ይሠራ?

የሎጎ ቀዛፊ (ሐይቅ ከተማ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አራት ሜትር የምትሆን አሮጌ ባለሸራ ጀልባ አለችኝ፤ አካሏ ፋይበር ግላስ ነው። ቢሾፍቱ ባለው ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ስታገለግል ኖራ በአይሱዙ ተጭና ነው ሐይቅ ከተማ የገባችው። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርትቶ ወደ ዳር ስመለስ መሪዋ ከውሃ ሥር ካለ ጉቶ ጋር ተጋጨ። ክረምቱ ጥሩ ስለነበር ውሃው ከፍ ብሏል፤ ጉቶው ከላይ አይታይም።

ጀልባ ለማታውቁ ላስረዳ። መሪው ሁለት ክፍል ነው። የላይኛው ራሱ ነው፤ ሁለት የእንጨት ጉንጮች አሉት፣ እጀታው እዚያ ላይ ይሰካል፣ በሁለት ማጠፊያዎች ከጀልባዋ ኋላ ጋር ይያያዛል። የታችኛው ውሃ ውስጥ የሚገባው ሰሌዳ ነው። በጉንጮቹ መካከል ገብቶ በአንድ ወፍራም ብሎን ላይ ይዞራል፤ ውሃው ሲያንስ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይታጠፋል። ሰሌዳው ኮምፔንሳቶ ሆኖ በላዩ ፋይበር ለብሷል።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ሰሌዳው ከጉንጮቹ ወጣ እንዳለ በአግድም ተሰንጥቋል። በአንድ ወገን ልባሱ ከእንጨቱ ለቋል፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ቡናማ ውሃ ያወጣል። የታችኛው ጥግ ተሸርፏል፤ አንዱ ማጠፊያም ትንሽ ተጣሟል። ሌላው ነገር፣ ከግጭቱ በፊትም እጀታው እየከበደኝ መጥቶ ነበር፤ ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እናንተ ፍረዱ።

ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቀለም ብቀባው ይበቃዋል? ወይስ አዲስ ላሠራ?

ጋሽ ባትላሜራ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

አብሽር ልጄ፣ ይህ ቀላል ነው። የባጃጅ አካል፣ የአይሱዙ መከላከያ፣ የውሃ ታንከር፣ ያልነካሁት ፋይበር የለም። ስንጥቁን በግራይንደር ቦይ አድርገህ ክፈተው፣ አቧራውን ንፋ፣ ሁለት ድርብ ፋይበር በሬዚን (በሚጠነክረው ፈሳሽ ሙጫ) አልብሰው፣ ሲጠነክር ላዩን ስቱኮ ሳበው። ጠዋት ከጀመርክ ማታ ቀለም ላይ ነህ። አዲስ ማሠራት ገንዘብ መበተን ነው።

ሰብለ ዘባቦጋያ (ቢሾፍቱ)

ጋሼ፣ ለመኪና ያሉትን አልነካም፤ ሙያው የእርስዎ ነው። መኪና ግን ዝናብ ይመታዋል እንጂ ውሃ ውስጥ አይውልም። የጋራዥ ስቱኮ ፖሊስተር ሬዚን በታልክ ዱቄት ወፍሮ የተሠራ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲሰነብት ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይለቃል። እርጥብ እንጨት ላይ ደግሞ ሬዚን በደንብ አይዝም፤ ዛሬ የለበሰው ፋይበር በሚቀጥለው ነፋስ እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

ወንድሜ ቀዛፊ፣ ከጻፍከው ሁሉ ያስደነገጠኝ ቡናማው ውሃ ነው። በጉቶ ምት የገባ ውሃ ቢሆን የሐይቁን መልክ ይዞ ይወጣ ነበር። ቡናማ የሚሆነው እንጨት ውስጥ ከርሞ ሲያበሰብስ ነው። ስለዚህ ስንጥቁን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ምን ያህሉ እንደ ሞተ እወቅ። ሰሌዳውን ከራሱ ፍታው። በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመህ በመፍቻ እጀታ ከላይ እስከ ታች ጣት በጣት አንኳኳው። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው ወይም የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ አለው። የታፈነውን በእርሳስ ክበበው። ከዚያ መዝነው። አራት ሜትር ለሆነች ጀልባ ደረቅ ሰሌዳ ከአራት ኪሎ ብዙ ማለፍ የለበትም።

የብሎኑን ቀዳዳም በባትሪ ብርሃን ተመልከተው። ውስጡ ራቁቱን እንጨት ከሆነ ውሃው በዚያ ነው የገባው።

የኮምቦልቻ ቶርኖ (ኮምቦልቻ)

እኔ የብረት ሰው ነኝ፤ ስለ ሬዚኑ አልገባም። አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። ሰሌዳው ታጣፊ ነው ብለሃል። ታጣፊ የተደረገው እኮ ጉቶ ሲመታ ወደ ኋላ ዞሮ እንዲያመልጥ ነው። ታዲያ ለምን ሳይታጠፍ ተሰበረ? ብሎኑ ተጠብቆ ነበር? ይህ ካልተመለሰ አዲሱም በዚያው ቦታ ይሰበራል።

የሎጎ ቀዛፊ

ሰብለም ቶርኖም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንኳኳሁት። ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ እስከ ስንጥቁ፣ ከስንጥቁም ወደ ታች አንድ ስንዝር ያህል የታፈነ ነው። የታችኛው ግማሽ ጥርት ይላል። ገበያ ወርጄ በእህል ሚዛን ስመዝነው አምስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

የቀዳዳው ውስጥ ራቁቱን እንጨት ነው፤ ጥፍሬን ስሰድበት ይገባል። ሰሌዳውን ከጉንጮቹ ለማውጣት ግን መዶሻና ጣውላ ተጠቅሜአለሁ፤ ብሎኑ ከወጣ በኋላ እንኳ አልወጣም ብሎ ነበር። ብሎኑ ራሱ በጣም የጠበቀ አልነበረም፤ ዳዶውን በአንድ እጅ ፈታሁት። በካሊፐር ስለካው ታች 22 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው አካባቢ 25 ሚሊ ሜትር ሆነ። በጉንጮቹ መካከል ያለው ክፍተት 24 ነው።

የኮምቦልቻ ቶርኖ

25ን 24 ውስጥ ከትተህ እንዴት ይታጠፍ!

ሰብለ ዘባቦጋያ

ቶርኖ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ፤ መልሱም በካሊፐሩ ወጣ። ውሃው በብሎኑ ቀዳዳ ገባ። ኮምፔንሳቶው ጠጥቶ አበጠ። ሲያብጥ በጉንጮቹ መካከል ተሰነገ። ሲሰነግ ሙሉ በሙሉ መውረድ አቃተውና ትንሽ ወደ ኋላ አጋድሎ ቀረ። የእጀታው መክበድ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ሲወርድ የውሃው ግፊት ለማጠፊያዎቹ መስመር ቅርብ ይሆናል፣ ወደ ኋላ ሲያጋድል ግን ግፊቱ ከመስመሩ ይርቅና በእያንዳንዱ መታጠፊያ ክንድህ ይከፍለዋል። በመጨረሻ ጉቶው ሲመታው መታጠፍ ስላልቻለ ከጉንጮቹ ሲወጣ ባለው ቦታ ተሰበረ። ያ ቦታ ሁልጊዜም ትልቁን ጉልበት የሚሸከም ነው፤ ሰሌዳው የተያዘው ከላይ ብቻ ነው፣ ውሃው ደግሞ ከታች እስከ ላይ ይገፋዋል። ጉልበት በሚበዛበት በዚያው ቦታ ደግሞ እንጨቱ በስብሷል።

ስለዚህ የምትጠግነው ስንጥቁን አይደለም፤ ቀዳዳውን ነው። ይህን ከያዝክ፣ አሮጌውን ማዳን ወይም አዲስ መሥራት የምርጫ ጉዳይ ነው።

ማዳን ከፈለግህ፦ የለቀቀውን ልባስ ሁሉ አንሳ፣ የበሰበሰውን እንጨት እስከ ጤነኛው ድረስ ፈልፍለህ አውጣ፣ ከታችኛው ጫፍ 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች ብሳና ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ስቀለው። በየሳምንቱ መዝነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ይጣመማልም። በፈለፈልከው ቦታ አዲስ እንጨት ኢፖክሲ በሚባለው ሬዚን ትተካለህ፤ መጋጠሚያው በቁም አይሁን፣ በሰያፍ ይቆረጥ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲም ሜትር ውፍረት ስምንት ሳንቲም ሜትር ርዝመት። ልባሱም እንደዚሁ ጠርዙ በቀጭኑ እየሳሳ ይሂድ፤ 3 ሚሊ ሜትር ልባስ ከሆነ ዙሪያውን 36 ሚሊ ሜትር ያህል ትሞርደዋለህ። አዲሱ ፋይበር አሮጌውን የሚይዘው በዚያ ስፋት ነው፤ በቦይ ጠርዝ አይደለም።

ብዙ ሥራ ነው። እኔ ብሆን ጉዳቱ ከላይኛው ግማሽ ስለሆነ አዲስ እሠራና አሮጌውን ለልክ እጠቀምበታለሁ።

ዋንዛ አናጢ (ውጫሌ)

እኅቴ ሰብለ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቀድማ ብትጽፈው ኖሮ የላይኛውን ሁሉ ባላነበብኩ። አዲስ ይሠራ! ለአንድ ክንድ ተኩል እንጨት ይህን ያህል ሐኪም አያስፈልግም።

ኮምፔንሳቶ አትግዛ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የቤት ዕቃ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ኮላው ውሃ አይችልም። ካላመንክ ቁራጩን በድስት አፍልተህ እየው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል... ይቅርታ፣ ንጣፉ ከንጣፉ ይለያያል ማለቴ ነው። ባሕር ዛፍም ተው፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ነው የምልህ። ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይንቀሳቀስም። ዛፉን መቁረጥ ያለ ፈቃድ ክልክል ስለሆነ አዲስ ግንድ አትፈልግ፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ወይም አሮጌ አልጋ ፈልግ። አንድ ትውልድ የደረቀ እንጨት ከሌላ ከየትም አታገኝም።

አንድ ወጥ ጣውላ ግን አይሁን። አራት ወይም አምስት ሳንቲም ሜትር ስፋት እያደረግህ በቁመቱ ሰንጥቀው። የእንጨቱን ጫፍ አየት ስታደርግ የዕድሜ ቀለበቶቹ ቅስት ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ቅስቱ ወደ ቀኝ ካየ ሁለተኛው ወደ ግራ እንዲያይ እያገላበጥህ አጣብቃቸው። አንዱ ሊጣመም ሲል ሌላው ይመልሰዋል። ምስማር አትምታ። ውሃ ውስጥ ምስማር ጠላት ነው።

ጋሽ ባትላሜራ

እኅቴ ሰብለ፣ እጅ አልሰጥም፤ ግን 24 እና 25ን ሳይ ሳቄ መጣ፣ ቶርኖው በልጦኛል። ስቱኮዬን ለቀለሙ አስቀምጣለሁ። ፋይበሩን ማልበስ ግን ለአናጢ አትስጡት። አናጢ ሬዚን እንደ ኮላ ያፈሳል።

ልጄ፣ ቀዛፊ፤ ደሴ ብቅ ስትል ግባ፤ አለባበሱን አሳይሃለሁ። ምን ዓይነት ሬዚን እንደምትገዛ ብቻ ንገረኝ፤ የታንከሩ ፖሊስተር በእጄ አለ።

የኬሚስትሪ መምህር (ወልድያ)

እያነበብሁ ዝም ልል ነበር፤ «የታንከሩ ፖሊስተር» ሲባል ግን አላስቻለኝም። ፖሊስተር ሬዚን ከሁለት ትናንሽ ዕቃዎች ጋር ይሸጣል፤ ሐምራዊ መልክ ያለው ኮባልት ማፍጠኛና ውሃ የሚመስለው ፔርኦክሳይድ ማጠንከሪያ። ሁለቱን በምንም ምክንያት አንድ ላይ እንዳትቀላቅሏቸው። በቀጥታ ከተገናኙ ይቀጣጠላሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። ኮባልቱ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ይዋሐዳል፤ ማጠንከሪያው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፣ መጠኑም ከሬዚኑ ክብደት አንድ ወይም ሁለት በመቶ ያህል ነው። ያ ውሃ መሳይ ፈሳሽ ዓይን ውስጥ አንዲት ጠብታ ከገባች ብሌን ታጠፋለች። መነጽር ሳታደርጉ ክዳኑን አትክፈቱ። በሰፈራችን ጋራዦች ይህን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠው አይቻለሁ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይህ ወንጀል ነው።

ኢፖክሲው የተለየ ነው፤ የእሱ ማጠንከሪያ ከሬዚኑ ጋር በልክ ይጋባል። «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር እዚያ አይሠራም። ትርፉ ሳይጋባ ይቀርና ለስላሳ ያደርገዋል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ልክ በወርቅ ቤት ሚዛን መዝናችሁ ያዙ፤ ልኩ በክብደት ነው ወይስ በይዘት የሚለውንም አረጋግጡ።

የደንገል ልጅ (ባሕር ዳር)

የኛ ታንኳ መሪ የለውም፤ ደንገሉ ሲያረጅ ሌላ እናስራለን፣ በመቅዘፊያ እንነዳለን፤ ኑሯችን እንዴት ቀላል ነበር! ቀልዴን ነው። ግን ቁም ነገር ልጠይቅ፦ ሐይቅ ላይ ሳለህ መሪው ሲሰበር እንዴት ዳር ደረስክ?

የሎጎ ቀዛፊ

ሸራውን አውርጄ በመቅዘፊያ ነው የገባሁት። እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ልሳነ ምድር ብዙ አልራቅሁም ነበር፤ ነፋሱም ወደዚያው ይገፋ ስለነበር ጸሎት የሰማልኝ መስሎኝ ነበር።

ሰብለ ዘባቦጋያ

መልካም አድርገሃል። የሐይቅ ውሃ መካከሉ ጥልቅ ነው፤ ዳር ያለው ልማድ እዚያ አይሠራም። ለሌላ ጊዜ ግን ሁለት ሸራ ካላት መሪ ሳይኖርም ትታዘዛለች። የኋላውን ሸራ ስትስብ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ ስትለቀውና የፊቱን ስትስብ ከነፋሱ ትሸሻለች። ክብደትህን ወደ አንድ ጎን ስታደርግም ወደ ተቃራኒው ትዞራለች። በሰላም ቀን ተለማመደው።

አሁን ስለ አዲሱ ቅርጽ። ዋንዛ አናጢ ሊቆጣኝ ነው፤ ግን ሰሌዳውን እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ አድርጎ ጠርዙን ብቻ እንዳያከብበው። የመሪ ሰሌዳ ክንፍ ነው። የአሜሪካ የአየር በረራ ጥናት ኮሚቴ፣ በ1915 የተቋቋመው ናካ፣ ካወጣቸው ቅርጾች 0012 የሚባለው ለመሪ ይስማማል። 12 ማለት ትልቁ ውፍረት የስፋቱ 12 በመቶ ነው። የሰሌዳህ ስፋት 24 ሳንቲም ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 29 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሚወፍረው መካከሉ ላይ ሳይሆን ከፊተኛው ጠርዝ 7 ሳንቲም ሜትር ገባ ብሎ ነው። የፊቱ ጠርዝ ድፍን ክብ ይሁን፤ ብዙ ሰው ፊቱን ይስለዋል፣ ስሉ ፊት በትንሽ ማዕዘን ውሃውን ያስለቅቅና መሪው ድንገት መያዙን ይተዋል። ከኋላ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ጫፉ ግን እንደ ቢላ አይሁን፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ጠርዝ ይቅርለት፤ አለዚያ በትንሽ ምት ይሸረፋል።

በጉንጮቹ መካከል የሚገባው ክፍል ግን ከነልባሱ 22 ሚሊ ሜትር ነው መሆን ያለበት። ከ29 ወደ 22 ሲወርድ ደረጃ አታድርግ። በአንድ ጋት ርዝመት እየሳሳ ይምጣ። ደረጃ ካለ የሚቀጥለው ስንጥቅ እዚያ ነው።

ዋንዛ አናጢ

አልቆጣም። ከውጫሌ እስከ ደሴ የክንፍ ቅርጽ ያለው ዕቃ የሠራ አናጢ እኔ ብቻ እሆናለሁ፤ ይህ ለእኔ ማስታወቂያ ነው። ግን ቅርጹን በካርቶን ቆርጠሽ ላኪልኝ፤ በመቶኛ አልላግም።

ሰብለ ዘባቦጋያ

ካርቶኑ በቀዛፊ በኩል ይደርስሃል። በካርቶኑ ከፊትም ከኋላም እየለካህ ላገው፤ ሁለቱ ፊት እኩል ካልሆነ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች።

የኮምቦልቻ ቶርኖ

ማጠፊያው። የተጣመመውን በመዶሻ አቅንቶ መመለስ አይሆንም፤ ስንጥቅ ደብቆ ይሆናል። የጀልባዋ ኋላ ላይ ያለው ሴቴ ነው፣ መሪው ላይ ያለው ወንዴ ነው፤ ሁለቱንም አምጣልኝ፣ ስቴንለስ ስቲል ላይ እሠራዋለሁ። የእናንተ ሐይቅ ጨው ውሃ ስላልሆነ 304 የሚባለው ዓይነት ይበቃል፤ 316 የሚባለው ውድ ዓይነት ለባሕር ነው። የምትገዛውን ብረት በማግኔት ፈትነው። አጥብቆ ከያዘ የወጥ ቤት ዕቃ ብረት ነው፣ ይዝጋል፤ ካልያዘ ወይም በጣም ትንሽ ከያዘ ደህና ነው።

ለሰሌዳው ብሎን የነሐስ ቡኮላ (ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ማልበሻ ቀለበት) እፈልጋለሁ። የብሎንህ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ነው ብዬ ልገምት። እንጨቱን በትራፓኖ ከቡኮላው ውጭ ዙሪያ አስፍታችሁ ብሱት፣ በወፍራም ኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲጠነክር ለቡኮላው ልክ እንደገና ብሱት። ብረቱ በኢፖክሲ ላይ ያርፋል፤ እንጨቱ ውሃም ብሎንም አያይም። በሰሌዳውና በጉንጮቹ መካከል ደግሞ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ ይግባ። ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን ክብ አድርገህ ቁረጠው፤ ያ ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም፣ ይንሸራተታል፣ ዋጋውም ዜሮ ነው። 24 ክፍተት ውስጥ 22 ሰሌዳ ሲገባ በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ይተርፍሃል፤ የጀሪካን ግድግዳ ለዚያ ልክ ይሆናል።

የሎጎ ቀዛፊ

የቆየሁት ዕቃ ስሰበስብ ነው። ተሁለደሬ ውስጥ ከፈረሰ ቤት የዋንዛ በር ተገኘ፤ አናጢው ሰንጥቆ አጣብቆታል፤ ሲያልቅ በእጅ ስይዘው ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም፣ ቀላል ነው። የመሬት ወለል ለመቀባት የሚሸጥ ሁለት ጣሳ ኢፖክሲ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ማቅጠኛ የሌለበት መሆኑን ሻጩ አሳይቶኛል። ማጣበቂያውን በዚህ ሠራነው፤ ቶርኖም ቡኮላውን ልኳል። አሁን የቀረው ፋይበሩ ነው። ጋሼ፣ ደሴ እርስዎ ዘንድ ልምጣ? ስጋቴ ብርዱ ነው፤ ኅዳር ገባ።

ጋሽ ባትላሜራ

ና፣ ቤትህ ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በዚህ ወር የደሴ ሌሊት ለሬዚን አይሆንም። እኔ ልውረድልህ፤ ሐይቅ ይሞቃል፣ የቆሮሶ ዓሣም እበላለሁ።

እስክመጣ ፋይበሩን አዘጋጅ። ጨርቁ የተሸመነ ይሁን፤ የተበጣጠሰው ምንጣፍ መሰሉ ለፖሊስተር ነው የተሠራው፣ ማጣበቂያው በኢፖክሲ አይሟሟም ይላሉ የሸጡልኝ ሰዎች። ጨርቁን በቁመቱ አትቁረጥ፣ በሰያፍ ቁረጠው፤ ክሮቹ ከሰሌዳው ጋር አርባ አምስት ዲግሪ ሲሆኑ ሲጠመዘዝ ይይዙታል። የፊቱ ክብ ጠርዝ ላይም ሳይነሳ ይተኛል።

ሰብለ ዘባቦጋያ

ጋሼ፣ ስለ ምንጣፉ የሸጡልዎ ሰዎች ልክ ናቸው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጠዋት አትጀምሩ። እንጨት ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በሬዚኑ በኩል አረፋ እያወጣ ይወጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር አልብሱት፤ ያኔ እንጨቱ ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሌሊቱን በብርድ ልብስ ድንኳን ሥር አንድ አምፖል አብሩለት፤ አምፖሉ ጨርቁን እንዳይነካ፣ ሰውም አጠገቡ ይደር። ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ መጠንከሩን ያቆማል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ በማግሥቱ ላዩ ላይ ሰም የሚመስል ቅባት ታገኛላችሁ። በቲነር አትጥረጉት፤ ይሰራጫል እንጂ አይነሳም። በንጹሕ ውሃና በድስት ማጠቢያ ሸካራ ስፖንጅ እጠቡት፣ ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አሸካክሩት። ያለዚያ ቀለሙ ይላቀቃል። ቀለም ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፣ የኛ ደጋ ፀሐይ በአንድ በጋ ዱቄት ያደርገዋል።

የኬሚስትሪ መምህር

ኢፖክሲውን በጠባብ ኩባያ ውስጥ አታቆዩት፤ በጅምላ ሲቀመጥ ራሱን ያሞቃል፣ ይጨሳል። እንደ ቀላቀላችሁ ሰፊ ሣህን ላይ አፍስሱት። ሲሞረድም ጭምብል፤ የብርጭቆ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

የሎጎ ቀዛፊ

ጋሼ መጡ፣ ለበሰ፣ ቀለም ተቀባ። ጋሼ የመጨረሻውን ድርብ ሲያለብሱ አየሩን በሮለር ሳይሆን በአሮጌ የስልክ ካርድ ጠርዝ እየገፉ ነው ያወጡት፤ ከመካከል ወደ ጠርዝ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ እስካትቀር። ከዚያ ጠርዞቹን በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ጠቅልለው አስረው አደሩ፤ በላስቲኩ ሥር ፕላስቲክ ከረጢት ስላደረጉ አልተጣበቀም። ማጠፊያዎቹም ገብተዋል። ሰሌዳው በጉንጮቹ መካከል በጣት ይዞራል፤ መዝኜው ከነቀለሙ አራት ኪሎ አልሞላም።

ችግሩ አሁን መንሳፈፉ ነው። ውሃ ውስጥ ስከተው ራሱ ይነሳል፤ አሮጌው ይሰምጥ ነበር። በገመድ ወደ ታች ስቤ ልሰረው? ካሰርኩት ደግሞ ጉቶው ያው ነው።

የኮምቦልቻ ቶርኖ

አሮጌው ይሰምጥ የነበረው በጠጣው ውሃ ነው። ገመዱን እሰር፤ ግን በቀጥታ ከማሰሪያው ጋር አይሁን። የመሳቢያው ገመድ ጫፍ ላይ የሸማኔ ፈትል የመሰለ ቀጭን ሲባጎ ጨምርበት። የውሃ ግፊት አይበጥሰውም፤ ጉቶ ግን ይበጥሰዋል፣ ሰሌዳውም ይታጠፋል።

ሰብለ ዘባቦጋያ

ልክ ነው። ሲባጎውን ከመጠቀምህ በፊት ዳር ላይ ቆመህ ሰሌዳውን በእግርህ ገፍተህ ፈትነው። ካልተበጠሰ አንድ ክር ቀንስ፤ በእጀታው ዙር ብቻ ከተበጠሰ አንድ ጨምር። መለዋወጫውን ሲባጎ ቆርጠህ በኪስህ ያዝ። ከላይኛው ማጠፊያ ወንዴ ጫፍ ላይም ማገጃ ቁልፍ አስገባበት፤ ጀልባዋ ከተገለበጠች ይህ የዋንዛ መሪ ከነማጠፊያው ነቅሎ ይንሳፈፍና በነፋሱ ይወሰዳል።

የሎጎ ቀዛፊ

ማገጃው ከቶርኖ ጋር መጥቷል። ሲባጎው በሁለት ክር ተበጠሰ፣ በሦስት ያዘ። ነገ ጠዋት ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ገብቼ ጉቶው ላይ ባዶ ጀሪካን አስራለሁ፤ ለእነሱም ለመረባቸው ይጠቅማል።